ስኩተሬንና ቀኝ እጄን ለተረከበው ጽሕፈት ቤት

ይድረስ ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምዝገባና የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለሁለቱ እጆችዎ ያለኝን ከፍ ያለ ምኞት አቀርባለሁ። ጣቶችዎ ሁሉ በየቦታቸው ይዋሉ፤ በየቦታቸውም ይደሩ። እኔ ከአጥርዎ ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ቁልፍ የምቀርጽ፣ በር ተቆልፎበት ለተቸገረ ሰው ሁሉ በስኩተሬ ከነፍ ብዬ የምደርስ ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ ነበርኩ ብል ይሻላል። ፊደሎቼ ተንጋደው ቢያገኟቸው ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኙ ምን እንደሆነ እርስዎም ከመስኮትዎ አይተውታል። ቢሆንም ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልኝን ውለታ ዝም ብዬ ብውጠው ስለሚያንቀኝ፣ በተራ ቁጥር ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

፩ኛ. ስለ መመሪያው ጥበብ። መመሪያዎ ለስኩተር ታርጋ የሚሰጠው ባለቤቱ የመንዳት ፈተና ሲያልፍ ነው ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ተፈታኙ ታርጋ ያለው ስኩተር ይዞ ይቅረብ ይላል። ይህን ያረቀቀው ሰው ጤነኛ ከሆነ እኔ አብጃለሁ ማለት ነው። እንደሚያውቁት ሁላችንም የምንፈተነው በርዎ ላይ በምትቆመው በዳቦ አከፋፋዩ ቀይ ስኩተር ነው። ፈታኞችዎ ታርጋዋን በቃላቸው ይዘውታል፤ የፊት ፍሬኗ እንደማይዝም ያውቃሉ። ስለዚህ ተፈታኝ ሁሉ የመፈተኛው ሜዳ መጨረሻ ላይ ከተከመረው አሮጌ ጎማ ጋር ይላተማል፤ ተላትሞ የተነሣ አለፈ ይባላል። እኔም ተላትሜ፣ ጉልበቴ ተልጦ፣ ደሜ ካልሲዬ ውስጥ እየገባ «ብቁ» የሚል ወረቀት ተቀበልኩ።

፪ኛ. ስለ መርማሪው ትጋት። ወረቀቱን ይዤ የራሴን ስኩተር ለታርጋ ምርመራ አቀረብኩ። የስኩተሬ የሻንሲ ቁጥር ከመቀመጫዋ ሥር ባለው ብረት ላይ ተቀርጾ ነበር። ትንሽ ዝገት ለብሶ ነበር እንጂ ሁሉም ይነበባል። መርማሪው ግን ጠርቶ ይታየኝ ብሎ ሞረድ አወጣ። ዕድሜ ልኬን ብረት የሞረድኩ ሰው ነኝና፣ የያዘው ሻካራ ሞረድ መሆኑን፣ ዝገቱም በጨርቅና በጥቂት ናፍጣ እንደሚለቅ በትህትና ነገርኩት። ሥራዬን አታስተምረኝ አለኝ። ሞረደው፤ ላቡ እስኪንጠባጠብ ሞረደው። ሲያበቃ ብረቱ ፊት ያሳያል፤ ቁጥር የሚባል ነገር ግን የለም። ጎንበስ ብሎ አየ፤ እኔንም አየኝ። ከዚያ በዚያው በሞረደበት እጁ እስክሪብቶ አንሥቶ «ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተፋቀ፤ የስርቆት ሊሆን ስለሚችል ይያዝ» ብሎ ጻፈ። የብረቱን ብናኝ ከቅጹ ላይ እፍ ብሎ አራገፈና ፈረመበት።

፫ኛ. ስለ ጥበቃዎ ክንድ። ሰፈሩ ማህተሙ ብሎ የሚጠራውን ግዙፉን ጥበቃዎን ማለቴ ነው፤ ስሙ የወጣለት ዱላው ያረፈበት ቦታ ለወራት ስለሚነበብ ነው። ስኩተሬን ሊወስድ ሲመጣ መሪዋን ጨብጬ ቆምኩ። «ልቀቅ» አለኝ። «አልለቅም፤ የምተዳደርባት ናት» አልኩት። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዬን አገኘው። ሁለተኛው ጆሮዬን፤ እስከ ዛሬ ይጮኻል። ሦስተኛው መሪዋን በጨበጠው እጄ ላይ አረፈ፤ ድምፁንም ሰማሁት። ቁልፍ በመቆለፊያ ውስጥ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነው። መሬት ከወደቅኩ በኋላ ያንኑ እጅ ጠጠሩ ላይ በጫማው ረግጦ ተረከዙን አዞረበት። አፌ ደም ሞላ፤ ስተፋው ጥርስ አብሮ ወጣ። ባለቤቴ ከሱቅ በሩጫ መጥታ ልትከልለኝ ላዬ ላይ ስትደፋ እሷንም ጀርባዋን አላት። የተሰለፈው ሰው ተራው እንዳያልፈው ቅጹን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ መዶሻዬ በእጄ ቢሆን ኖሮ የጥበቃዎን ግንባር እፈልጠው ነበር፤ ደስ እያለኝ እፈልጠው ነበር። መዶሻዬ ሱቅ ነበር። ክቡርነትዎም ከፎቅ መስኮት ላይ ነበሩ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጉት። ጩኸቴ ሥራ እንዳያውክ ስላደረጉት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬ኛ. ስለ ሐኪም ማስረጃው። ስኩተሬ ግቢዎ ውስጥ ናት። እስከ ዓርብ መንጃ ፈቃድ ያለው ባለቤት ካልጠየቃት በመጭመቂያው ማሽን እንደምትደቀቅ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤአለሁ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የጎደለኝ የሐኪም ማስረጃ ብቻ ነበርና እጄን በጀሶ አንጠልጥዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሦስቱ ጣቶች ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ነገረኝ። የቅጹ የመጨረሻ መስመር ደግሞ «አመልካቹ ሁለት ጤናማ እጅ ያለው መሆኑ ይረጋገጥ» ይላል። መስኮት ላይ የምትቀመጠው ጸሐፊዎ ደግ ልጅ ናት፤ ከልቧ አዝና ማመልከቻዬ ውድቅ መሆኑን ነገረችኝ። ቅጹ ስለሚያዛት «እጅዎን የት ተሰበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከጀርባዋ ያለውን ግቢ በግራ እጄ አሳየኋት። አልጻፈችውም፤ ቦታው ጠባብ ነበር።

አሁን ሱቁን የያዘችው ባለቤቴ ናት። ከኋላዋ ቆሜ እዚህ ጋ ጥረቢ፣ እዚያ ጋ ተዪው እላታለሁ፤ እሷም ትለፋለች። ቁልፍ መቅረጽ በአፍ ይነገራል። የተቆለፈ በር መክፈት ግን በጣት የሚደመጥ ሥራ ነውና ለማንም መንገር አልቻልኩም። ትናንት አንዲት እናት ሕፃኗ ውስጥ ተቆልፎባት፣ ምድጃው ላይ ድስት ተጥዶ፣ እያለቀሰች መጣች። በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ ጎረቤት በሩን በመጥረቢያ ሰብሮት ሕፃኑ በጭስ ታፍኖ እያሳለ ወጣ። ተረፈ፤ ቀጣዩ ስለመትረፉ ግን ዋስትና የለኝም።

እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ስኩተሬን ወይ እጄን ይመልሱልኝ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዳልጠይቅ ትህትናዬ ይይዘኛል።

ለመመሪያዎ በፈቃዴ ተንበርክኬ ስኖር በጥበቃዎ ደግሞ በግድ የተንበረከክሁ፣ ብቃቴን በደሜ ያስመሰከርሁ፣ የሞረድ ሥራ ከመርማሪዎ የተማርሁ፣ ታዛዥዎ ቁልፍ ሠሪው።
(ፊርማዬ ከቀድሞው ስለማይመሳሰል በግራ አውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።)

ግልባጭ፦ በርዎ ላይ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ያቺው ደግ ጸሐፊዎ እያለከለከች ሱቄ ደረሰች። ቁልፍዎ በቢሮዎ በር መቆለፊያ ውስጥ መሰበሩን፣ ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ መቅረትዎን፣ መስኮቱም የብረት ፍርግርግ እንዳለው ነገረችኝ። መቆለፊያውን የገጠምኩት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ፤ የሚከፈተው በሁለት ጤናማ እጅ ነው። እንደማልችል ስነግራት አለቀሰች፤ በሩን ማህተሙ በዱላና በእግሩ ሊሰብረው እየተንደረደረ ነው አለችኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በበሩ ሥር እንድታስገባልዎ አደራ ብያታለሁ፤ ሌላው ቢቀር ይህችን የመጨረሻ መስመር ቶሎ ያንብቧት። እሱ ሲመታ ከበሩ ወዲያ ማን እንዳለ አይጠይቅም፤ እጀታውን ከእጅዎ ይልቀቁ።