ፊደል የማይወደው ዘበኛ

ሰኞ

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ፦ ኮዴ መሃል በአማርኛ የጻፍኳቸው የማስታወሻ ኮሜንቶቼ ዛሬ ረፋድ ላይ ባደረባቸው ድንገተኛ የቀይ መስመር ህመም አርፈዋል። ቀብራቸው እዚሁ ሰንጋ ተራ፣ ቢሮአችን ውስጥ ተፈጽሟል። ገዳይ ታውቋል፦ አለቃዬ ምህረት። ስሟን ያወጣላት ሰው ቀልደኛ ነው።

ሩቢ በሚባለው የኮድ ቋንቋ የምንሠራቸው ሦስቱም ፕሮጀክቶቻችን አንድ ዓይነት የአጻጻፍ ህግ ይኑራቸው ብላ ሊንተር የሚባል ዘበኛ ፕሮግራም አቆመችብን። ኮድህን ይፈትሻል፤ ካልጣመው በቀይ ያሰምርበትና አያስገባም። ይሄ ዘበኛ ደግሞ ፊደል አይወድም። ኮሜንት ውስጥ "ሀ" ካየ ያብዳል! እኔ ኮሜንት የምጽፈው የሠራሁት ነገ እንዳይጠፋብኝ ነው። አስረኛን አቋርጬ የወጣሁ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ብጽፈው ማን ይፈታልኛል?

ማክሰኞ

አሁንም ቀይ። የክሊኒኩ ቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። እስከ አርብ ካልገባ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"እታለም፣ ዘበኛሽን ከየት አገር ነው የቀጠርሽው? አማርኛ አይሰማም" አልኳት። ዞራም አላየችኝ።

"ህግ ህግ ነው። አስተካክል።"

እስከ ልደታ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ብገባ ከሰው እጣላ ነበር።

ረቡዕ

አገኘኋት! የሚጠላው ፊደሉን እንጂ አማርኛውን አይደለም። ሁሉንም ኮሜንት በላቲን ፊደል ገለበጥኩት። ዘበኛው አሳለፈኝ፣ ደደብ። በንዴት "ምህረት ጨካኝ ናት" የምትልም ጨመርኩ። በላቲን ማን ያያታል?

ሀሙስ

ኮዴን ልታይ ተቀመጠች። "Be bal ken ketero ayyazim" ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ና አንተ! በባል ቀን ቀጠሮ አይያዝም? የማን ባል ነው?"

"በዓል ነው እንጂ! ዓይኑን 'ዓ' ዘበኛሽ ቀምቶኝ ነው!"

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወረድ ስትል ጨካኟን አገኘቻት። ሳቋ ቆመ።

"ፊደል የከለከልኩት እኔ ነኝ?"

"ታዲያ አክስቴ ናት?"

አርብ

የህጉን ፋይል ሳታነብ ነው ከኢንተርኔት የገለበጠችው! በዚህ ነው የተቃጠልኩት። ዛሬ ፊደል የምትከለክለዋን አንዷን መስመር አጠፋቻት፤ ሦስቱም ፕሮጀክት ላይ ቀዩ ጠፋ። የክሊኒኩ ሥራ ገባ።

የጨካኟን ኮሜንት ልሰርዝ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ተዋት። በፊደል ጻፋት። ስሜ ደግሞ በሐመሩ 'ሐ' ነው፣ መሃይም!"

ጻፍኩ፦ ምሕረት ጨካኝ ናት። ዘበኛው ዝም።

ለካ ድንኳን ያስጣለኝ አንድ መስመር ነው። ነገሩ ይሄን ያህልም አልነበረም። ለቀስተኞች፣ ተበተኑ፤ የሞተ የለም።