ማርሹን የማስገባው እኔ ነኝ

ይድረስ ለልጄ ለወገኔ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ በንፋስ መውጫ፣ ከብርዱ በቀር፣ አምላክ ይመስገን ደህና ነን።

አባትህ የአያትህን አሮጌ ላንድሮቨር ማርሽ ማስገባት አስተማረኝ ብልህ ትስቅ ይሆናል። እሱ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዘንጉን አንቀሳቅሳለሁ። ማርሹ ጠንክሯል ይላል። መካኒኩ ግን ፈትቶ አይቶ፣ «ምንም የለበትም» አለን። አባትህ ውሃም በግራ እጁ መጠጣት ለምዷል።

ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወረድ ፍሪሲዮኑ ሁለት ጊዜ ይረገጣል። መጀመሪያ ረግጦ «ዜሮ» ሲለኝ ዘንጉን ወደ መሀል አመጣለሁ። ከዚያ ለቆ ትንሽ ነዳጅ ይሰጥና እንደገና ረግጦ «ሁለተኛ» ይለኛል። የውስጥ ጥርሶቹ እኩል ካልዞሩ ይፋጫሉ እንጂ አይገቡም።

ቅዳሜ የጨጨሆን ቁልቁለት ስንወርድ «ዜሮ» አለኝ፣ አመጣሁለት። ነዳጅ ሰጠ፣ ደግሞ ረገጠ፣ ከዚያ ዝም አለ። መኪናዋ እየፈጠነች ሄደች።

«ልግፋው?» አልኩት።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። እኔው ገፋሁት፤ ገባ። ታች ደርሰን ስንቆም፣ «ሁለተኛ ብዬሽ የለም እንዴ? ምነው ዘገየሽ?» አለኝ።

«ብለኸኛል» አልኩት።

አዲስ ማርሽ እንድትፈልግለት ጻፊለት ብሎኛል። ማርሹን እንኳ ተወው ልጄ፤ ከሥራህ ፈቃድ ካገኘህ ፋሲካን ሳትጠብቅ ና።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሃል። አባትህ እንደ ወትሮው ከግርጌ ስሙን እንዲጽፍልህ ወረቀቱን ባቀርብለት፣ «ዛሬ የእኔንም አንቺው ጻፊው» አለኝ።

እናትህ ዓለሚቱ፣
አባትህም ቸሬ።