ስለ አንድ አንጓ ፀጉር፣ ለሐጃ ጠይባ መቀስ

ጅዳ፤ ሻዕባን 20 ቀን 1402
በአገራችን አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለክብርት ሐጃ ጠይባ
የኑር መንገድ የጉዞና የመረዳጃ ማኅበር የሴቶች ክፍል ኃላፊ፣ የዑምራ ተጓዦች መሪ፣ የመቀሱም ብቸኛ ያዥ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ስኳርዎስ ወረደ ወይ? የቀኝ እጅዎ አውራ ጣትስ ደህና ነው? ለሌላው አካልዎ በየሶላቴ ዱዓ ሳደርግ ያችን ጣት ለብቻዋ የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሳያነቡ መነጽር መጠቅለያ እንዳያደርጉት ስለ ሠጋሁ፣ በእትዬ ኸዲጃ ቤት በሴቶች መቀመጫ ክፍል፣ የረመዷን ተጓዦች ስም ከተለጠፈበት ወረቀት አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ክፍሉ ወንድ የማይገባበት ስለሆነም፣ ከራሴ ፀጉር የተቆረጠ አንድ ጥቅልል በመርፌ ቁልፍ ከወረቀቱ ጥግ ሰክቼበታለሁ። ውድ አንባቢዎች፣ እባካችሁ ጥቅልሉን መጀመሪያ እንዳለ እዩት፤ ከዚያ ጫፉን ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ከዚያ ንባባችሁን ቀጥሉ።

ስሜ ሰፊያ አብዱረሺድ ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት። እርስዎ ግን በስሜ ጠርተውኝ ስለማያውቁ «ጎፈሬዋ» ብል ቶሎ አስታውስዎታለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዝርዝሩ ላይ በሰባተኛ ቁጥር የሰፈረው የታናሽ እኅቴ የመኪያ ስም ነው። መኪያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ዑምራዋ የመጀመሪያዋ ነው፣ ፀጉሯም መቀስ ነክቶት አያውቅም። ከስሟ ትይዩ «ፀጉር ቆራጭ፦ ሐጃ ጠይባ» የሚለውን ባነበብኩ ጊዜ ብዙ ውለታዎ ትዝ አለኝ፤ ውለታን አለመመስከር ነውር ስለሆነ በተራ ቁጥር እዘረዝረዋለሁ።

1ኛ. ስለ መለኪያዎ። ለማያውቁ ላስረዳ፤ የመካ ጉብኝቷን ዑምራን የጨረሰች ሴት፣ ፀጉር መቁረጥም ሽቶ መቀባትም ክልክል ከሚሆንበት ከኢሕራም የምትወጣው ከፀጉሯ ጫፍ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ቆርጣ ነው። ወንዶቹ ይላጫሉ ወይም ያሳጥራሉ፤ ለእኛ ለሴቶቹ አንዲት አንጓ ትበቃለች። ባለፈው ረጀብ እርስዎ ሲመሩን ለዚህች አንዲት አንጓ ያሳዩት ትጋት የሚረሳ አይደለም፤ በመካ መንገድ ባሕራ ከተማ ላይ ሌላው መንገደኛ ሻይ ሲጠጣ፣ እርስዎ አውቶቡሱን አስጠብቀው ያንን ልብስ የሚሰፉበትን ትልቅ መቀስ ከአንድ ብረት ሠሪ ዘንድ አስሞረዱት። ዙረቱን ጠዋፍና ምልልሱን ሰዕይ ፈጽመን መካ ሚስፈላ ሰፈር ወደ ተከራየነው ክፍል ስንገባም፣ አሥራ አንድ ልጃገረዶችን እንደ ክትባት ተራ ግድግዳውን አስይዘው አሰለፉን።

እዚህ ላይ ስለ ፀጉሬ ጠባይ ትንሽ ቢያውቁ ደግ ነበር። ጅዳ ላይ የባሕሩን እርጥበት ጠጥቶ ይነፋፋል፤ ከባሕራ ወዲያ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ተሰብስቦ ቤቱ ይገባል። በዚያ ላይ በኢሕራም ሳለን እንዳይረግፍ ብለን ስለማንበጥረው፣ ያች ሰዓት ፀጉሬ በዓመት ውስጥ ከሚያጥርበት ሁሉ ያጠረባት ሰዓት ነበረች። ይህንኑ በትሕትና ለማስረዳት «ሐጃ፣ እባክዎ ውሃ ይንካውና ተስቦ ይለካ» ብልዎ፣ «የአላህን ሕግ በውሃ ልትለጥጪው ነው?» አሉኝና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ በግራ እጅዎ እንደ ሣር አጫጅ ጨበጥ አድርገው፣ የአውራ ጣትዎን አንጓ ለክተው፣ «ለጥንቃቄ» በማለት ሌላ አንድ አንጓ ጨምረው፣ ቀጭ። ጥንቃቄዎን አመሰግናለሁ፤ የተጠነቀቁት ለማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። የወደቀውን አንሥቼ ብስበው ከመሐል ጣቴ ጫፍ እስከ መዳፌ ሥር ደረሰ። አንባቢዎችም አሁን የሳባችሁት እሱኑ ነው።

ሥራው በዚህ ቢፈጸም እንኳ ምንኛ ባማረ! ነገር ግን የግራውን ጨርሰው ወደ ቀኙ ሊዞሩ ሲሉ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ እርስዎም «ኸላስ፣ ያላ ተነሡ» ብለው መቀሱን ከተቱ። ስለዚህ ከሚስፈላ የወጣሁት በቀኝ በኩል ሰፊያ፣ በግራ በኩል የአጎቴ ልጅ ሳሊም ሆኜ ነው። «ሲያድግ ይስተካከላል» ሲሉ ያጽናኑኝን ቃል ቤት ገብቼ አሰላሁት፤ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ በሰርግ ቤት ሻሼን ሳወልቅ ከየትኛው ወገን ብቀመጥ እንደሚሻል ምክርዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

2ኛ. ስለ ቀድሞው ውለታዎ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለዒድ ፎቶ ልንነሣ ስንል «ነይ ሰው ላስመስልሽ» ብለው የብረት ማበጠሪያ ምድጃ ላይ አግለው የተኮሱልኝን አልረሳሁም። ፀጉሬ ሁለት ቀን ሙሉ ዞማ ሆኖ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ትራሴ ላይ ቀረ። ከጆሮዬ ጫፍ ያለችው ጠባሳም፣ ምናልባት ልረሳዎት ብዬ እንኳ ብሞክር እንዳይሆንልኝ ታደርጋለች። ረጀብ ላይ የቆረጡት እንግዲህ ከዚያ ቃጠሎ በኋላ በሦስት ዓመት ያሳደግሁት ነው፤ ራስዎ ያጠፉትን፣ ሌላ ሰው ሲያለማው ጠብቀው፣ እንደገና ራስዎ ማጥፋትዎ ሥራዎን ለሌላ የማይሰጡ ሰው መሆንዎን ያሳያል።

ያለማችልኝ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው፣ አየር መንገድ ቲኬት ቤት የምትሠራው ሮማን ናት። እርስዎ «ያቺ ባለ አፍሮ ክርስቲያን ስለ ፀጉር ምን ታውቃለች?» ብለው ለአባቴ መናገርዎን ሰምቻለሁ። የምታውቀውን በነፃ ላካፍልዎ። ከርዳዳ ፀጉር ደርቆ አይበጠርም። በሲድር (በቁርቁራ) ቅጠል ታጥቦ፣ ውሃው ሳይደርቅ ሰሊጥ ዘይት ተቀብቶ፣ መጀመሪያ በጣት ይፈለቀቃል፤ ከዚያ ጥርሱ በራቀ ሚዶ ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ሥሩ ይኬዳል። ማታ በለስላሳ ሻሽ ታስሮ ያድራል፣ ጠዋት ለልብስ መተኮሻ በሚረጨው ዕቃ ትንሽ ውሃ ይነፋበታል፣ ከዚያ ይተዋል። አዎ፣ ይተዋል፤ ይህ ለእርስዎ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል እንደሆነ እገምታለሁ። እርስዎ ከሥር ጀምረው እንደ ማረሻ ሲጎትቱት የሚሰማው «ቋ! ቋ!» የሚል ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚሉት የልጅቷ አሳዳጊ ማጣት ሳይሆን የፀጉሩ መበጠስ ነው።

3ኛ. ስለ ንግግርዎ። «አገር ቤት ብትሆኚ ይህን ጎፈሬ ይዘሽ ቀበሌ ደጃፍ አታልፊም ነበር» ብለውኛል። እውነት ነው። አባቴም ደሴ ላይ ሱቁን ዘግቶ ሁለታችንን ይዞ የወጣው፣ ፀጉር አይቶ ሰው የሚጠረጥር ቀበሌ ስላንገሸገሸው ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግረን፣ በስንት ደጅ ጥናት የመኖሪያ ፈቃዱን ኢቃማ አውጥተን፣ ተመስገን ብለን ቁጭ ስንል፣ ቀበሌው በእርስዎ አምሳል ቀድሞን ገብቶ ስላገኘነው የአገር ናፍቆት አላስቸገረንም። ስብሰባው፣ ስም ዝርዝሩ፣ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ሰልፉ፤ አንድ ማኅተም ብቻ ነው የቀረዎ።

በዚያው ንግግርዎ ላይ ሻሽዎን ከግንባርዎ ገለጥ አድርገው፣ ያችን ቀጥ ብላ የምትወርድ የምታብረቀርቅ ዘለላ አሳይተውን፣ «ፀጉር ማለት እንዲህ ሲወርድ ነው፤ ዝም ብሎ አይገኝም፣ ከዘር ነው» ያሉትንም በአድናቆት አስታውሳለሁ። ወደዚህች ዘለላ በኋላ እመለስባታለሁ።

4ኛ. «ደግሞስ በሻሽ ይሸፈን የለም እንዴ፣ ማን ያየዋል?» ላሉት፦ እኔ አየዋለሁ።

አምስተኛ ቅሬታ የለኝም፤ አምስተኛው ፍርሃት ነው። እናታችን ሀጅራ የመውጫ ፈቃድ ተከልክላ ደሴ ከቀረች አራት ዓመቷ ነው። ሰው ሲገኝ ድምጿን በካሴት ቀድታ ትልክልናለች። የመጨረሻው ካሴት የመጣው ባለፈው ወር ነው፤ ቢስሚላሂ ካለች በኋላ፣ ስለ ሙቀቱም ስለ ትምህርታችንም ሳትጠይቅ፣ ከሁሉ በፊት «የመኪያን ፀጉር ማነው የሚሠራላት?» አለች። ስንወጣ በሯ ላይ ቁጭ አድርጋ ሹሩባ የሠራቻት እሷ ናትና። እኔ በመልሱ ካሴት «እኔ ነኝ እማዬ፣ አታስቢ» ብያለሁ። መኪያ ደግሞ ከኋላዬ ሆና «ስትመጪ ተስቦ ወገቤ ይደርሳል!» ብላ ጮኻለች። ይህ ቃል ተቀድቶ ደሴ ሄዷል፤ እናታችንም እንደማውቃት ከሆነ፣ እስኪበጠስ ድረስ መልሳ መላልሳ ትሰማዋለች። እንግዲህ የእርስዎ ሁለት አንጓ፣ አንዷ ለሕጉ ሌላዋ ለጥንቃቄ፣ በመኪያ ራስ ላይ ስንት ስንዝር እንደምትሆን ከዚህ ወረቀት ጥግ ለክተውታል፤ በሚቀጥለው ካሴት ለእናቴ ምን ብዬ እንደምናገር ግን የሚለካልኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። አባቴ የሰፈራችንን መስጊድ ሸኽ ጠይቆ፣ ሴት የራሷን ፀጉር በራሷ እጅ መቁረጥ እንደምትችል፣ የሚቆረጠውም ከጫፉ እንደሆነ አረጋግጦ መጥቷል። ስለሆነም መኪያ ፀጉሯን አርጥባ፣ ጫፉን ስባ፣ አንዲት አንጓ በገዛ እጇ ትቆርጣለች፤ እኔ መስተዋት እይዝላታለሁ። እርስዎ በዚያች ሰዓት በድካም ላይ ድካም ሳይጨምሩ፣ እግርዎን ዘርግተው ዘምዘምዎን እየጠጡ እንዲያርፉ እንለምናለን። መቀሱም ቢሆን ከረጀብ ጀምሮ ብዙ ስለ ሠራ ጅዳ ላይ ይረፍ። ከስሟ ትይዩ ያለውን መስመር በእርሳስ ሰርዤዋለሁ፤ በቀለም እንዲያጸድቁልኝ ቀለሙን እዚያው ከመስኮቱ ላይ ትቼልዎታለሁ።

አላህ ዕድሜዎን እንደሚያድግ ነገር ሁሉ ያርዝመው፤ ከሚያሳጥርም እጅ ይሰውርዎ። ለታላቅነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ራሴን ግን ከእጅዎ በሚርቅ ቦታ አድርጌ፣

በቀኝ በኩል ታዛዥዎ፣ በግራ በኩል ተበዳይዎ
ሰፊያ አብዱረሺድ

ልረሳው የነበረ ነገር፦ ያን ዕለት ሚስፈላ ላይ ከሰልፉ መጨረሻ የነበርኩትን እኔን በግማሽ ትተው፣ መቀሱን ከመክተትዎ በፊት፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ከሻሽዎ ሥር ያችን ዘለላ ሳብ አድርገው፣ አንዲት አንጓ ብቻ (ለጥንቃቄ ሳይጨምሩ) ቆርጠው ለፀጉሩ በተነጠፈው ጋዜጣ ላይ ጣሉና «አንቺ ጎፈሬ፣ ጥረጊ» አሉኝ። ጠረግሁ። ከዘር የሚገኝ ፀጉር በመጥረጊያ መሄዱ ስላሳዘነኝም፣ ቁራጭዎን ከራሴ ጥቅልል ጋር በወረቀት ጠቅልዬ ጅዳ አመጣሁት፤ ዞማነትን ልማርበት ብዬ ነው። ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ አልጠጣም። ሰሊጥ ዘይት ቀባሁት፤ ተንሸራትቶ ወረደ። በመጨረሻ ሮማን «እስቲ ክብሪት አስጠጊው» አለችኝ። የእኔን ሳስጠጋ ፀጉር ፀጉር ሸተተ። የእርስዎ ምን እንደሸተተና እንዴት እንደተንጠባጠበ ለክብርዎ ስል እዚህ አልጽፍም፤ የናይለን ካልሲዋን ከምድጃ አጠገብ አስጥታ የምታውቅ ሴት ሁሉ ትገምተዋለች። ያች ዘለላ ዑምራዋን ፈጽማ ከኢሕራም በሰላም ወጥታለች፤ ስለ ባለቤቷ ግን ያንኑ የሰፈራችንን ሸኽ ቢጠይቁ ይሻላል፣ በተለይ ወዲያው ስለተቀቡት ሽቶ።

ከክብሪት የተረፈው ቁራጭ በትምህርት ደብተሬ መካከል በደህና ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይም አልሰካሁትም። የመኪያ ጉዞ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል። መርፌ ቁልፍ ግን የገዛሁት ሁለት ነው።