የቃለ ጉባኤው ሁለተኛ ገጽ

ማክሰኞ

ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገውኛል። እኔን! ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ከካዝና አንስተው መዝገብ ቤት የወረወሩኝን እኔን። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሴ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጽሑፍሽ ይነበባል፣ እጅሽም ፈጣን ነው። ሦስት ቀን ብቻ ነው» አለኝ። ሲናገር የሚያየው መደርደሪያውን ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን አልልም።

ስብሰባው ከነገ እስከ ዓርብ በወረዳው አዳራሽ ነው። ከየቅርንጫፉ የባንክ ሰዎች፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት አለቆች፣ ከአዲስ አበባም ባንኮችን የሚቆጣጠሩት ይመጣሉ። የገጠር ቅርንጫፍ ችግር አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ አይታወቅም ብለው ነው አሉ የእኛን ከተማ መሐል ሜዳን የመረጡት። ይህን ወድጄላቸዋለሁ። ርእሱ የአሠራር ስጋት ነው፤ ማለትም ባንክ በሌባ ብቻ ሳይሆን በራሱ ሰው መዘናጋት፣ በተዘለለ ደንብ፣ በተቋረጠ መብራት የሚደርስበት ጉዳት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሸምድጄው ነበር። መዝገብ ቤት የከተተኝም እሱው ነው።

ብሶት ሳላበዛ ልጻፈው። ካዝናችን የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው። አንዱ በሥራ አስኪያጁ እጅ፣ ሌላው በዋና ገንዘብ ያዧ፣ ማለት በእኔ እጅ ነበር። ማንም ብቻውን እንዳይከፍት። ሥራ አስኪያጁ ከከተማ ሲወጣ ቁልፉን ለምክትሉ በፊርማ ያስረክባል። ከአንድ ወር በፊት በአንዱ ቅዳሜ የአቶ ደምሴ ሚስት አጎት ዐርፈው ለቀብር ሄደ። ለቀብር አለመሄድ በመንዝ አይታሰብም፣ እኔም አልወቅሰውም። ግን ለማንም ሳያስረክብ ሄደ፤ ከመንገድ ላይ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥሮ አብረውት ለቀብር በወጡት በጥበቃችን በጋሽ ተሰማ እጅ ላከልኝ። «ሁለቱንም ይዛ ትክፈት ብለዋል» አሉኝ። አልቀበልም አልኩ። ጋሽ ተሰማን ከነቁልፉ መለስኳቸው። አቶ ደምሴ ራሱ እስኪመጣ አምስት ሰዓት ሆነ። የገበያ ቀን ነው፤ በግ የሸጠው ገበሬ ሁሉ በዚያ ንፋስ ደጅ ቆሞ ሲረግመኝ ዋለ።

ሰኞ ደብዳቤው ደረሰኝ፤ «ደንበኛን በማጉላላት»። በግምገማው ደግሞ «ኪራይ ሰብሳቢ አመለካከት» ተጨመረልኝ። ቁልፍ አልወስድም ያለች ኪራይ ሰብሳቢ!

ይህ ደብዳቤ ከማኅደሬ ካልወጣ ለየትኛውም ቦታ መወዳደር አልችልም። ሁለተኛ ከደረሰኝ ስንብት ነው።

ረቡዕ

እንግዶቹን በረዳቸው። ከአዲስ አበባ በሸሚዝና በኮት መጥተው! ሻይ ሰዓት ላይ ወረዳው ባና አስመጥቶ አደላቸው፤ ጉልበታቸውን በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ጠቅልለው ስለ ባንክ ሲያወሩ ዋሉ። ሳቄን ዋጥኩ።

ከተቆጣጣሪዎቹ መሪዋ ወይዘሮ ንግሥት ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ አይቸኩሉም። «የደረሰውን ብቻ ንገሩን። ማንንም ልንቀጣ አልመጣንም» አሉ። የሰው አንደበት ተፈታ። አንዱ ቅርንጫፍ የኮምፒውተሩን የሚስጥር ቃል ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ካላንደር ላይ ጽፎ ነበር አሉ፤ ደንበኞች ሳይቀሩ ያነቡታል። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሌላው ስለ ጄኔሬተር ተናገረ።

ከዚያ አቶ ደምሴ ተነሣ። ሊኮራ ነው የተነሣው።

«እኛ ለቅሶ ላይ ሆነን እንኳ አገልግሎት እንዳይቋረጥ አድርገናል። እኔ ቀብር ነበርኩ፤ የካዝናውን ቁልፍ ግን ላክሁ።»

«በማን ላኩት?» አሉ ወይዘሮ ንግሥት።

«በጥበቃችን። ጋሽ ተሰማ ማለት የልጄ የክርስትና አባት ናቸው! ከራሴ አስበልጬ አምናቸዋለሁ።»

መልስ የሰጠ መስሎታል። በእኛ አገር መልስ ነው፤ አበልጅ አይከዳም። የአጎራባቹ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሳቀ። ወይዘሮ ንግሥት አልሳቁም።

«ሁለተኛው ቁልፍ ያኔ የት ነበር?»

«ገንዘብ ያዧ ጋ።»

«እንግዲያ ሁለቱም ቁልፎች አንድ ሰው እጅ ሊገቡ ነበር።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ገንዘብ ያዧ እንዳልተቀበለች ግን አልተናገረም። እጄን አወጣሁ። የመድረኩ መሪ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ፣ «ቃለ ጉባኤ ያዥ ትጽፋለች እንጂ አትናገርም» አለኝ። ሰው ሳቀ። እሱንም ጻፍኩት።

ስንወጣ አቶ ደምሴ ተከተለኝ።

«ስንዱ፣ ያችን ነገር አውጫት።»

«ያሉትን ነው የጻፍኩት።»

«ለጨዋታ ያልኩት ነው እኮ!»

«የተሳቀውም ተጽፏል።»

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ስለ ማህተም አያያዝ። አሰልቺ፣ ግን ጠቃሚ። ዘጠኝ ገጽ ሆነልኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤታችን ሽማግሌ መጣ። ሦስት ሰው፤ ከፊት የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ። እማዬ ለጋብቻ የመጡ መስሏት ፊቷ በራ፤ ጠላውን እየቀዳች በዓይኗ ነጠላሽን አስተካክይ ትለኛለች። የአቶ ደምሴ መልእክተኞች መሆናቸውን ስትሰማ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርጋ ተቀመጠች።

ነገሩ ይህ ነው፦ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን የቁልፉን ነገር ካወጣሁ፣ እሱ ደብዳቤውን ከማኅደሬ አውጥቶ በፊታቸው ይቀድደዋል። ሰኞም ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ።

«አባ፣ አጥፍቻለሁ ብሎ ነው የላካችሁ?»

«ልጄ፣ እርቅ ማለት ይህን ሁሉ መመርመር አይደለም» አሉኝ።

«ሽማግሌ የሚልክ የበደለ ነው። እሱ በድያለሁ ካላለ ምኑን ነው የምታስታርቁን?»

አንደኛው ሽማግሌ «ይህችን ልጅ ትምህርቱ አጥግቧታል» አሉ። እማዬ «ምግቧም ትምህርቱ ነው፣ ምን ታድርግ» አለች። ከኔ ጋር ይሁን በእኔ ላይ አልገባኝም።

አባ ወልዴ ግን ሲነሡ ዝቅ ብለው የተናገሩት ነገር ወጋኝ። «ደምሴን ተይው። ዋናው መሥሪያ ቤት ጥፋቱን በማን ላይ ያላክካል? በጥበቃው ላይ ነው። ተሰማ በስተርጅና እንጀራውን ቢያጣ በንስሐ የምትነግሪኝ ያንን ነው።»

እስከ ነገ አስብበታለሁ አልኳቸው። አስብበታለሁ ስል አፈርኩ። ደብዳቤው እንዲቀደድ እኮ እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። ገጹን ያለ ቁልፉ ነገር ገልብጬ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም።

ዓርብ

ጠዋት በር ላይ ጋሽ ተሰማን አገኘኋቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው፦ ቃለ ጉባኤው ዛሬ ይነበባል፤ የቁልፉን ነገር ካነበብኩት ጥፋቱ በእርስዎ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ካወጣሁት ደግሞ ይቀራል።

ብዙ አላሰቡም።

«ስንድዬ፣ እኔ የተቀጠርኩ ደጅ ልጠብቅ ነው፣ ቁልፍ ልሸከም አይደለም። ያን ቀን መንገዱን ሁሉ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ነው የመጣሁ። ለሽንት እንኳ አልቆምኩም! አንቺ ስትመልሺኝ ደግሞ ያንኑ መንገድ እንደገና።»

«አይቆጡኝም?»

«ያን ቀን ተቆጥቼሻለሁ። ጉልበቴን ጨርሰሽው ነበር። አሁን ግን አንብቢው። ብታወጪው ነገም ይልከኛል። አንድ ቀን ገደል ለገደል ስሄድ ቢጠፋብኝ ማን ያምነኛል? አበልጄ ነው የሚያስረኝ።»

ይህን ማንም ስብሰባ ላይ አልተናገረም። ከሦስት ቀን ንግግር የጋሽ ተሰማ ይበልጣል።

ከሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤው ተነበበ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ምንም ሳልዘል አነበብኩት፣ ሳቁንም ጭምር። አቶ ደምሴ ተነሣ። «ይህ በጨዋታ የተባለ ነው፤ ይውጣልኝ።»

ወይዘሮ ንግሥት ወደ አዳራሹ ዞረው «ተብሏል ወይስ አልተባለም?» አሉ።

እኔ ወረቀቱ ላይ አፈጠጥኩ። ኋላ የአጎራባቹ ሥራ አስኪያጅ ባናውን ከጉልበቱ እየገፈፈ ተነሣ። «ተብሏል። የሳቅሁትም እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ጎድሎናል» አሉ ወይዘሮ ንግሥት፤ ወደ አቶ ደምሴ ነው። «ገንዘብ ያዧ ቁልፉ ሲደርሳት ምን አደረገች?»

«… አልቀበልም አለች።»

«ከዚያስ?»

«ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።»

«ጥበቃውን ማን ላከው?»

«እኔ።»

እየተናገረ ጻፍኩ። ፊደሉ አልተበላሸም። ገንዘብ ያዧ እኔ መሆኔን ያወቁ ዞረው አዩኝ፣ ያላወቁት ጎናቸው ያለውን ጠየቁ። ሁሉም ፈረሙ። አቶ ደምሴ የመጨረሻው ነበር፤ ፊርማው ከወትሮው ያነሰች ነች።

ወይዘሮ ንግሥት ሲወጡ፣ «ቅሬታሽን ጽፈሽ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላኪ፤ ይህን ገጽ አያይዢው። ወደኋላም አታስቢ» አሉኝ። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰውዬ «እናየዋለን» አለ። እናየዋለን ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ቅዳሜ

እንግዶቹ በማለዳው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሄደዋል። ቅሬታዬን አንድ ገጽ አድርጌ በአደራ ደብዳቤ ላክሁ። ጋሽ ተሰማ በራቸው ላይ ናቸው፤ እስካሁን ምንም የተባሉት የለም። አባ ወልዴ ሰላምታዬን መለሱልኝ፣ መስቀላቸውንም አሳለሙኝ። ሌላ አልጨመሩም። እማዬ «ሁለተኛ ደብዳቤ ቢጽፍብሽስ?» ትላለች። ይጽፍ ይሆናል።

አራት ሰዓት ላይ አቶ ደምሴ መዝገብ ቤት መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየ።

«ማኅደርሽን አምጪው።»

«ለምን እንደሆነ ልጠይቅ?»

«አምጪው አልኩሽ እኮ!»

መዝገብ ቤቱ የእኔ ነው፤ ራሱ ነው የሰጠኝ። ማኅደሬን አወረድኩ፣ በፊቱ ገጽ በገጽ ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። መውጫ መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ጽፌ እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት። ፈረመና ይዞት ቢሮው ገባ።

ደብዳቤውን ሊያወጣ ነው ወይስ ሁለተኛ ሊጨምርበት፣ አላውቅም። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አልመለሰውም። ሲመልሰው በፊቱ እንደገና እቆጥረዋለሁ።