ከታች ወደ ላይ ስለተቆጠረው ዛፋችን

ለከተማ ውበትና አረንጓዴ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ያን ሁሉ ወረቀት የሚፈርሙበትን ቀኝ እጅዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ባልሆንም እንኳ ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ እርስዎን አላስቸግርም። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ከመጨረሻው መልስዎ በኋላ በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ስድስት ማመልከቻዎች የት እንደደረሱ ማወቅ ስላቃተኝ ነው። መዝገብ ቤት ያሉት ወይዘሮ በሄድኩ ቁጥር ፈገግ ብለው «ገቢ ሆኗል አባባ» ይሉኛል፤ ከገባ በኋላ ሲወጣ ያየ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልናገር። አርባ አንድ ዓመት በአናጢነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምኖረው አሥራ አንድ ዛፎች በተተከሉበት አቀበት መንገድ ላይ ነው፤ አሁን አሥር ናቸው። ባለቤቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ስላላት መስኮቱ ሥር ባለ አልጋ ላይ ትውላለች፤ ከዚያ ሆና የምታየው ነገር ቢኖር ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ዛፍ ነበር። ጥላው ግድግዳው ላይ ወጥቶ የሠርጋችን ፎቶግራፍ ጋ ሲደርስ የቀትር መድኃኒቷ ሰዓት መሆኑን ታውቅና ትጠራኛለች፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። በነገራችን ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የልብስ ማስጫ ገመድ ላስርበት ብዬ በዚያ ዛፍ ላይ አንድ ትልቅ ምስማር መትቼ፣ «ሕይወት ባለው ነገር ላይ ምስማር ይመታል?» ብላ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋኛለች። ምስማሩን ዛፉ ራሱ ቀስ በቀስ ዋጠው፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

ያ ዛፍ ዛሬ ጉቶ ነው። ከአምስት ሳምንት ወዲህ ጉቶው በጎኑ አቆጥቁጦ ሦስት ቀንበጥ አውጥቷል፤ ቀድማ ያየችውም እሷ ናት። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ ጉቶውን በመጪው ሐሙስ ነቅሎ እንደሚወስድ የሚገልጽ ማስታወቂያ በራችን ላይ ለጥፏል። የምለምንዎ ነገር ይኸው ነው፦ ጉቶው እንዳይነቀል፣ የታመመው ዛፍም የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል መፍትሔ እንዲያገኝ። ምክንያቱን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ ቁጥር እንደሚወዱ ደርሼበታለሁና።

1. ስለ ቆጠራው። የታመመው ዛፍ ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው፣ ከመድኃኒት ቤቱ በር ፊት ያለው ነው። ግንዱ በመሰርሰሪያ የተበሳ በሚመስሉ ክብ ቀዳዳዎች ተወርሷል፤ ሥሩም ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ይገኛል። ፋርማሲስቷ ጠርጋ ጠርጋ ቢሰለቻት ጠራችኝ፤ ጆሮዬን ግንዱ ላይ ባስጠጋ ውስጡ ይፈጫል። የጥንዚዛው ትል ነው፤ ያን ድምፅ ስንት ጣውላ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። የዚያኑ ዕለት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ «ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው» ብዬም ከሥሩ አሰመርኩበት። ጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ስለላከ፣ ያውም በሦስተኛው ወር ስለላከ፣ ምስጋና አልነፍገውም። ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ መኪና አቀበቱን መውጣት ስለማይወድ የቆመው ታች ነበር፤ ባለሙያውም ከመኪናው ወርደው በቆሙበት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ። ከታች ሲቆጠር ሦስተኛው የእኛ ነው። ቀይ ቀለም ቀቡት፤ መጋዝ የያዙትም ተከትለዋቸው መጥተው ስለነበር ሥራው በአንድ ጠዋት ተጠናቀቀ። የመንግሥት ሥራ ይዘገያል የሚሉ ሰዎች አፋቸውን ይያዙ።

እኔ የዚያን ዕለት የባለቤቴን መድኃኒት ለመውሰድ ክሊኒክ ተሰልፌ ነበር። እሷ ቀዩን ቀለም ሲቀቡት አይታ፣ ዛፉን ሊያክሙት የመጡ መስሏት ደስ ብሏት እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። የሞተሩ መጋዝ ሲነሳ ጮኸች፤ ከበሽታው ወዲህ ግን ድምጿ ከመስኮቱ አያልፍም። ስመለስ ቅጠሉ መንገዱን ሞልቶት፣ እሷ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘኋት። የሠራተኞቹ አለቃ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አባባ፣ እኛ ቀለም ያለበትን ነው የምንቆርጠው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

2. ስለ መልስዎ። ስህተቱን ባመለከትኩ በስድስተኛው ሳምንት፣ ማህተሙ እንኳ ያልጠመመ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዛፍ ቁጥር ሦስት በጥንዚዛ ክፉኛ ተበልቶ በመገኘቱ መቆረጡን፣ እንጨቱም ተባዩ እንዳይዛመት በመመሪያው መሠረት መቃጠሉን፣ ስለዚህም ጉዳዩ መዘጋቱን ይገልጻል። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ አማርኛ ካነበብኩ ቆይቻለሁ። የታመመውስ ዛፍ ብዬ ብጠይቅ፣ እሱ ከታች ሲቆጠር ዘጠነኛ ስለሆነና በዘጠነኛው ላይ የቀረበ አቤቱታ ስለሌለ አዲስ ማመልከቻ ላስገባ ተባልኩ። አስገባሁ። መልሱ፣ አንድ ዛፍ በመቆረጡ ዘጠነኛው ስምንተኛ ሆኗል፣ በአሁኑ ዘጠነኛ ላይ ደግሞ ምንም ችግር አልታየም የሚል ነው። ከላይ ቢቆጥሩት ግን ትናንትም ሦስተኛ ነበር፣ ዛሬም ሦስተኛ ነው፤ ይህን ለማወቅ አቀበቱን በእግር መውጣት ብቻ ይበቃል። እስከዚያው ጥንዚዛው የእናንተን ቁጥር ሳይጠብቅ ግራና ቀኝ ወዳሉት አራት ዛፎች ተሻግሯል። ግንዱ ውስጥ ያሉት ትሎች በዝናቡ መጀመሪያ ክንፍ አውጥተው ሲበሩ ደግሞ የሚያርፉበት ለምለም ነገር ይፈልጋሉ፤ ከነዚያ ሦስት ቀንበጦች የበለጠ ለምለም ነገር በመንገዳችን ላይ የለም።

3. ስለ ሣሩ። ይህ እንኳ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ደጅ ስጠና የምውለው በጽሕፈት ቤትዎ ፊት ባለው መስክ ዳር ስለሆነ ሳላይ መቅረት አልቻልኩም። ሣሩ ሲገረጣ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ እንዲጠጣ አዘዙ። ሥሩን የሚበላው የሌላ ጥንዚዛ ትል ርጥብ አፈር ስለሚወድ እጅግ ተደሰተ። ወፎች መጥተው ትሉን እየለቀሙ ሲያግዙዎት፣ መስኩን በመቆፈር ውበት ያበላሻሉ ተብሎ ወፍ የሚያባርር ሰው ተመደበ። ሰውዬው ፊሽካና ዱላ ተሰጥቷቸው ከጠዋት እስከ ማታ ሲሮጡ ይውላሉ። አንድ ቀን አረፍ ሲሉ ጠጋ ብዬ ትሉንስ ብላቸው፣ «የኔ ወፍ ነው፤ ለትሉ ሌላ ሰው ይመደባል ብለውኛል» አሉኝ። አሁን ሣሩ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል። መዳፍ የምታህል ቦታ ገልጬ አሥራ አራት ነጭ ድብልብል ትል ቆጥሬያለሁ፤ ከየት በኩል ብጀምርም ያው አሥራ አራት ናቸው።

4. አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ደክሞኛል።

እንግዲህ ልመናዬን ልድገመው። ማንም እንዲቀጣ አልጠየቅሁም፤ ባለሙያውም የቤተሰብ አስተዳዳሪ ናቸው። ካሳም አልጠየቅሁም። ሐሙስ የሚመጡት ሠራተኞች ጉቶውን እንዲተዉት አንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ ከእሱም ጋር በመድኃኒት ቤቱ በር ያለውን ዛፍ ጆሮውን ግንዱ ላይ አስጠግቶ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ይላኩልኝ። አቀበቱ ከከበደው ክንዱን ይዤ አወጣዋለሁ። ባለቤቴ ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ መጋረጃው እንዲዘጋ ትፈልግ ነበር፤ መጋረጃውን ለማጠብ ባወረድኩ ቀን ቀንበጦቹን ካየች ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት «ክፈተው» ትለኛለች። ሐሙስ ጠዋት ክፈተው ስትለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ከእርስዎ የምፈልገው የዚህን መልስ ብቻ ነው።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ከቀትር በኋላ ቤታችን ውስጥ ለሚገባው የተትረፈረፈ የፀሐይ ብርሃን፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የጽሕፈት ቤትዎ ጥላ አይለየን እያልኩ፣ ሌላ ጥላ ስለሌለን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የዘወትር ባለጉዳይዎ፣
ከታች ሲቆጠር ሦስተኛው ቤት የሚኖረው ጡረተኛ አናጢ

ግልባጭ፦
— ለፋርማሲስቷ፣ ከነመጥረጊያዋ
— ለወፍ አባራሪው፣ ፋታ ሲያገኙ ለሚያነቡት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ረቡዕ እርስዎን ለማግኘት በእንግዳ መጠበቂያ ክፍልዎ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጬ ነበር። ለባለጉዳይ የተሠራው አዲሱ አግዳሚ ወንበር ደስ ይላል፤ እንጨቱ በቅጡ ሳይደርቅ ስለተሠራ ትንሽ ይጣመማል እንጂ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ከላይም ከሥሩም በእጄ ዳሰስኩት፤ አንዲት የጥንዚዛ ቀዳዳ የለበትም፤ ጤነኛ ነው፤ ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። በስተቀኝ ጫፉ ግን ዙሪያውን ያጠቆረ፣ እንጨት የዋጠው ያረጀ ምስማር አገኘሁ። እኔ ነኝ የመታሁት። ለባለቤቴ ስነግራት፣ «እዚህ መስኮቱ ጋ ይሁን፣ አምጣልኝ» አለች። በደብዳቤዎ መሠረት እንጨቱ ከተቃጠለ አራት ወር ስላለፈው፣ ልወስደው ስመጣ የንብረት ማውጫ ፊርማ እንደማልጠየቅ ተስፋ አደርጋለሁ።