በድራማው ውስጥ ራሴን ስነቀንቅ

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጉልበቴ ዛሬም ከጦሳ ተራራ ብርድ ጋር ተማክሮ አድሯል። ኪኒን ዋጥኩ። ሻይ ቀዘቀዘብኝ።

ስማኝ አጅሬ ደብተር፣ ወሬ አለኝ። ጦይባ ደወለች። የልጅ ልጄ፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራው። አባቷ ካረፈ ወዲህ አባትም አያትም እኔ ነኝ፤ ሁለት ሥራ፣ ደመወዝ የለው። በስልክ በሚታይ ድራማ ሚስት ሆና ትሠራለች። የፋብሪካው በዓል ላይ ስትተውን ያዩዋት ልጆች ናቸው የመረጧት። አሁን ሽማግሌ ጎድሏቸዋል አሉ። ጺም ያለው፣ ጋቢ ያለው፣ ብዙ የማይናገር። ሁለቱ አሉኝ፣ ሦስተኛው ይከብደኛል አልኳት። ሳቀች። እሑድ እወርዳለሁ።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ፣ ተቀርጬ፣ ተመለስኩ። ወገቤ የለም።

ታሪኩን ስማ። ሚስት ከማታ ፈረቃ ትመለሳለች። ራት አልደረሰም። ባል በጥፊ ይላታል። አኩርፋ እናቷ ቤት ትገባለች። ሽማግሌ ይሰበሰባል። ከዚያ እሷ ድንጋይ ተሸክማ ባሏን ይቅር በለኝ ትላለች።

ጽሑፉን ሁለቴ አስነበብኩ። የተመታችው እሷ፣ ድንጋይ የምትሸከመውም እሷ። ዳይሬክተሩን ጠራሁት፤ ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ ልጅ። ልጄ፣ በእኛ አገር ድንጋይ የሚሸከመው የበደለው ነው፤ ስንት ዘመን ሽምግልና ስቀመጥ የተመታ ሰው ተሸክሞ አላየሁም አልኩት። ኮሜዲ ነው አባባ አለኝ። የሚያስቀው የቱ ጋ ነው? ጥፊው ላይ የሳቅ ድምፅ እንጨምርበታለን አለ። እንግዲያው ማሽኑ ይሳቅልህ አልኩት።

ሲቀረጽ መሬት መሬት አየሁ። ጦይባ ተንበርክካለች፣ አንገቷን ደፍታ። ድንጋዩ የምር ድንጋይ ነው። ካለቀ በኋላ አንዲት ልጅ ሻይ ይምጣልዎ ወይ አለችኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ካሜራው ለካ አልጠፋም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ድራማው ወጣ። ፒያሳ፣ ጸጉር ቤት ተቀምጬ አሳዩኝ። ጦይባ ከድንጋዩ ሥር ይቅር በለኝ ትላለች። ወዲያው የእኔ ፊት። በአዎንታ ስነቀንቅ። ግርማ ሞገስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

የሻዩ ነው ያ። ለሻይ የነቀነቅኩት።

ጸጉሩን የሚቆረጠው ሰውዬ እጄን ጨበጠ። እንደርስዎ ያለ አስታራቂ ቢኖር ስንት ትዳር በተረፈ አለኝ። ስኳር ሁለት ነበር የፈለግሁት አልኩት። አልገባውም።

ቤት ገብቼ ሌሎቹንም ሳይ ዋልኩ። ዓይኔ ቀላ። ወንዱ ሐኪም ነው፣ ሾፌር ነው፣ ወታደር ነው። ሴቷ ያላት ጸጉር ነው። ወይ ገንዘብ ትወዳለች፣ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ በጥፊ ትስተካከላለች። የቤት ሠራተኛዋ የግድ ሞኝ። ዘፈኑ ደግሞ ወሎ ቆንጆ፣ ወሎ ቆንጆ። ክሊፑ ላይ ልጅቷ ቦርከና ወንዝ ዳር እንስራ አዝላ ትሽኮረመማለች። ከኋላዋ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ሴት ቢጫ ጄሪካን ተሸክማ ታልፋለች። ሳይቆርጧት ረስተዋት ነው። ከክሊፑ ሁሉ እውነት እሷ ብቻ ናት።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ጦይባ ደወለች። «አባባ፣ እርስዎም?» አለች።

አንገቷን ደፍታ ስለነበር እኔን አላየችኝም፤ ያየችኝ እንደ ሰው ሁሉ በስልክ ነው። ወላሂ ለሻይ ነው አልኳት። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ ዛሬ ማን ይመነኝ።

የባሰውንም ነገረችኝ። እጮኛዋ ሰይድ፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ያንኑ ቁራጭ ልኮላታል። ሥሩ ላይ «ከአሁኑ ተለማመጂ» ብሎ፣ የሚስቁ ፊቶች ደርድሮ። ኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ሊታሰር ነው፤ ዓርብ ሳምንት የእሱ ሽማግሎች ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ። አባት ስለሌላት እሺ የምለው እኔ። ምን ዓይነት ሽማግሌ እንደሆንኩ ደግሞ አየችው። ስልኩን ዘጋች።

ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ከ/ሰዓት

ኮምቦልቻ ወረድኩ። የኪራይ ክፍሏ፤ ከሥራ ባልደረባዋ ከሉባባ ጋር ናት። ሉባባ ምላሷ የእኔ ነው። «ታዋቂው ሽማግሌ መጡ፤ ድንጋይ ይዘን እንቀበልዎ?» አለችኝ። የሚገባኝ ነው፣ ተቀበልኩ።

አከራያቸው ከድራማው ወዲህ የማታ ፈረቃ የምትሉት እውነት የማታ ፈረቃ ነው ወይ እያለች ትጠይቃቸዋለች። የጻፈው ሰውዬ አንድ ሌሊት ማሽን ሥር ቆሞ ቢያድር፣ ራቱን ማን መሥራት እንዳለበት ያውቀው ነበር አለች ሉባባ።

ከዚያ ጦይባ ተናገረች። በድራማው በሚቀጥለው ክፍል ሚስትየዋ አርግዛ ስለ ጥፊው ባሏን ታመሰግናለች። ቀይሩት ብላ አልቀየሩም። ድራማውን ትታ ወጣች። ሰይድን ጠየቀችው፣ ቀልድ ነው አላት። ቀልድ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ስለዚህ ሸርጥ እፈልጋለሁ አለች፤ ኒካው ሲታሰር እጁን ካነሳብኝ ፍቺው በእጄ ይሁን የሚል ቅድመ ሁኔታ። በሽማግሎቹ ፊት ይሉልኛል ወይ አለችኝ።

እላለሁ አልኳት።

«በአፍዎ ነው አባባ። በራስዎ አይደለም።»

ይቺን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት? እኔ ነኝ። ሐረጎን ስወጣ ዓይኔን በጋቢ ጠረግሁ። ብርዱ ነው በል።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

የሰፈራችንን ሸህ ስለ ሸርጡ ጠየቅኩ። ይቻላል አሉ፣ ነውርም የለው፤ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው እንጂ።

የሰይድ አጎት ሸርጡን ሰምቶ ደወለ። ለልጃችን ስድብ ነው አለ። የማይመታ ከሆነ ምን ይጎድልበታል አልኩት። ሰው ይስቅብናል አለ። ሰው ሚስት ስትመታ ሲስቅ ከርሞ የለ፣ ለዚህም ጥቂት ይትረፈው አልኩት። ጆሮዬ ላይ ዘጋ። ሰይድን ራሱን ደወልኩለት። አጎቴ እንዳለው ነው አለኝ። ሚስት ሊያገባ ነው፣ አፍ ግን ገና አልገዛም።

ኅዳር 26፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ

ጦይባ ከማታ ፈረቃ በቀጥታ መጣች። እንቅልፍ የላትም። ልጄ፣ ሰይድን ትወጂዋለሽ ወይ አልኳት። እወደዋለሁ አለች፣ እንዲህ ሆኖ ግን አልገባም።

ወስኛለሁ አጅሬ፣ ያዝልኝ። ሸርጡ ካልገባ እሺ የምትለዋ ቃል ከዚህ ቤት አትወጣም። የእጮኝነት ቀለበቱም ይመለሳል። ደግሞ ጦይባ እንደ ልማዱ ጓዳ ተደብቃ በር ሥር አታዳምጥም። ምንጣፉ ላይ፣ ከእኔ ጎን፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ናት። እኔ ሁለተኛ።

መጡ። ደጅ ጫማ ሲያወልቁ ይሰማኛል። አጎትየው ገና ሳይገባ ሴቶቹ ወደ ጓዳ ይለፉ እያለ ነው። ጦይባ አልተነሳችም። እኔም ራሴን አልነቀነቅኩም። ልዝጋህ አጅሬ፣ ገቡ።