ቀይ ቁጥር ስለተጻፈበት ግንባችን

ለተከበሩ የከተማችን የቅርስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የቢሮዎ ግድግዳም ዕድሜው እንዲረዝም ከልብ እጸልያለሁ። እኔ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የማስተምር ጃለኔ ነኝ። ከጉደር መንገድ በላይ የነበረውን ግንብ አርባ አንድ ዓመት የጠበቁት የኦቦ ሆርዶፋ ልጅ ነኝ ብል ይበልጥ ያውቁኛል።

1ኛ፦ ግንቡን በቅርስነት ስለመዘገቡልን አመሰግናለሁ። ያሠሩት ባላባት በአንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ያዩት፣ ኖርማን የሚባሉ የጥንት አውሮፓ ጦረኞች የሠሩት ግንብ ሥዕል ልባቸውን ወስዶት እንደነበር ሊመዘግቡ ለመጡት ባለሙያዎ የነገሩት አባቴ ናቸው። ግድግዳው ለምን ሁለት ክንድ ያህል እንደወፈረ፣ መስኮቶቹ ለምን ከውጭ ጠበው ከውስጥ እንደሰፉ፣ ጠመዝማዛው ደረጃ ከላይ ሆኖ ለሚከላከል ሰው ቀኝ እጁን ነጻ ያደርግለታል እንደሚባል አንድ በአንድ አስረዷቸው። ባለሙያዎም ሁሉን በጥሞና ጽፈው ሲያበቁ፣ የምዝገባ ቁጥሩን ከሩቅ እንዲታይ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም፣ ግድግዳው ላይ ጻፉት።

2ኛ፦ በእኛ አገር ቀይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ ተከራይ የለም፤ ቢሮዎ ብቻ ከዚህ ጭንቀት ነጻ ሆኖ መኖሩ ያስቀናል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ለመንገድ ማስፋፊያ ቀይ የተቀቡትን ቤቶች ሊያፈርሱ የመጡት ሠራተኞች ግንባችንንም ቀልቶ ስላገኙት አላለፉትም። አባቴ በኦሮምኛም በአማርኛም ለመኗቸው፤ የቅርስ ቁጥር ነው ቢሏቸው ወረቀት አምጡ ተባሉ። ወረቀቱ ፊርማዎን እየጠበቀ ጠረጴዛዎ ላይ ነበር፤ እርስዎም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዶዘሩ ሥራውን ጨረሰ።

3ኛ፦ በኋላ በተጠራው የሕዝብ ውይይት ጉዳዩን «መጠነኛ የቅንጅት ክፍተት» ብለው ስለገለጹልን እጅግ ተጽናንተናል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን የኖርማኖችን ዘመን ሳስተምር እዚያ ወስጄ በመስኮቱ እንዲያዩ፣ ድንጋዩን በእጃቸው እንዲዳስሱ አደርግ ነበር። አሁን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እስልላቸዋለሁ፤ እኔ ደግሞ ሥዕል አልችልም።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥር መስጠቱን አቆምኩ፤ የቀረው በቁጥር አይነገርም። አባቴ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ማንንም አልወቀሱም፣ እርስዎንም ቢሆን በክፉ አላነሱም። ግንቡ በፈረሰ በሦስተኛው ቀን ግን፣ እግራቸውን እያጠብኩላቸው ሳለ፣ «ቁጥሩን ሲጽፉ መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ» አሉኝ። ቁጥሩ የተጻፈ ቀን ለእንግዳ የሚገባውን አድርገው፣ ውኃ አጠጥተው፣ መርቀው ነበር የሸኟቸው። እግራቸውን እንደያዝኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ላደረጉልን ሁሉ ብድሩን መመለስ የማይቻለኝ፣ በአክብሮት እጅ የምነሳ፣
መምህርት ጃለኔ ሆርዶፋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእርስዎ ፊርማ የጸደቀው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ባለፈው ሳምንት ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። በተራ ቁጥር ስድስት ላይ «ቅርሱ አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ» እንድንልክ ባዘዙት መሠረት ትናንት ጠዋት አንስቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ባዶው ሜዳ መሃል የተቀመጡት ሽማግሌ አባቴ ናቸው፤ ሥራ ላይ ናቸው።